የተሸጠ የመሰለኝ ጨዋታ

ሰውን ባላደረገው ነገር ማስጠርጠር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የማውቀው ከወሬ አይደለም፤ ራሴ አድርጌዋለሁ። ያደረግኩትም በክፋት አልነበረም። እንዲያውም በዚያ ዕለት ከእኔ የተሻለ እውነተኛ ሰው በአካባቢው ያለ አይመስለኝም ነበር። ታሪኩ በአንድ ቅዳሜ፣ ከማለዳ እስከ አመሻሽ ባለው ጊዜ ውስጥ የሆነ ነው። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሙሉጌታ እባላለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከገባሁ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። አምስቱን ዓመት ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስደረድር ከቆየሁ በኋላ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ቻርተር ባስ መንዳት ጀመርኩ። ከባለቤቴ ከትዕግስትና ከሁለት ሴት ልጆቻችን ጋር የምንኖረው ኖርዝላንድ፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ ግን የመስመር ዳኛ ነበርኩ። በታችኛው ዲቪዚዮን፣ ከከተማ ከተማ እየዞርኩ ባንዲራ የማነሳ ሰው። ይህን የማነሳው ሰበብ ፍለጋ ሳይሆን ነገሩ እንዲገባችሁ ነው። በአንድ የውድድር ዓመት መጨረሻ ላይ ያጫወትነው ጨዋታ ነበር። ከመጀመሩ በፊት የአንዱ ቡድን በረኛ ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ሲያስመልስ አየሁት። "ምን ሆነሃል?" ስለው ፊቱን አዙሮ "ምሳ ነው" አለኝ። ያን ቀን አራት ጎል ገባበት፤ ሁለቱን ማንም ጀማሪ ይይዛቸው ነበር። ከሳምንት በኋላ ጨዋታው ተሽጦ እንደነበር ታወቀ። አስቀድሞ ሹክሹክታው ጆሮዬ ደርሶ ነበር፤ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም በማለቴም "አንተም አለህበት" ተባልኩና ባንዲራዬን አስረከብኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ካየሁ ጆሮዬ ይቆማል። ትዕግስት "አንተ እኮ ፖስታ የሚያመጣውን ሰውዬ ሳይቀር ትጠረጥራለህ" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ለራሴም አንድ ቃል ገብቼ ነበር፤ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ዝም አልልም።

ነገሩ በሆነበት ዓመት ከኦገስት ጀምሮ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድን ከከተማ ውጭ ሲጫወት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ አድርገው እየተጋጩ፣ ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ነው። ኮሎምበስ ውስጥ ፉትቦል ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ነው። እሱ የሚጫወት ቀን ከተማው ቀይ ለብሶ ይውላል። የእኔን ልጆች የሚያያቸው ወላጅና ጥቂት ጓደኛ ብቻ ነበር። ያለፈውን ዓመት ዐሥር ተጫውተው ዐሥሩንም ተሸንፈዋል፤ በመሀል ጥለው የሄዱትም ብዙ ነበሩ።

አዲሱ አሰልጣኝ፣ ኮች ዳልተን፣ የመጣው ይህን የፈረሰ ቡድን እንደገና እንዲገነባ ነው። ከዘጠኝ ጨዋታ ሦስት አሸነፈ። የቀረው አንድ ነበር። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት በአንድ የራት ግብዣ ላይ "አራት ካሸነፍን ሲዝኑ፣ የውድድር ዓመቱ፣ ተሳካ እላለሁ" ብሏል ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ አፍ ላይ ከአራት ሌላ ነገር ጠፋ። የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ባሱ ውስጥ የገቡት በእጃቸው ፋሻ ላይ በጥቁር ማርከር አራት ቁጥር ጽፈው ነው።

ኮች ዳልተን ረጅም፣ ድምፁ የሻከረ፣ ሁልጊዜ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ገለባውን በወረቀት ኩባያ የሚተፋ ሰው ነው። አይጮህም። ሲሸነፉም ሲያሸንፉም ያው ነው። እኔ ደግሞ የማይጮህ አሰልጣኝ አይቼ ስለማላውቅ ከመጀመሪያውኑ አላመንኩትም። ይህ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ እል ነበር በልቤ።

ቡድኑ ውስጥ አንድ የእኛ ልጅ ነበር፣ ኤልያብ የሚባል። እዚሁ ተወልዶ ፎረስት ፓርክ ያደገ፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ የተከላካይ መስመር ተጫዋች ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድመዋል። እናቱ ነግራው ነው መሰለኝ ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ "ሰላም ጋሼ" ሳይለኝ ባስ ውስጥ አይገባም። 

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጉዞው የሁለት ሰዓት ያህል ነበር። ኮሌጁ ግቢ ባሱን አቁሜ፣ የዕቃ መጫኛውን ከፍቼ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ሻንጣዎቹን ወደ ጥግ እገፋለሁ። ኮች ዳልተን ስልክ እያወራ መጥቶ ከተከፈተው በር ማዶ ቆመ። እኔን አላየኝም።

"ዐሥራ ሁለት ቁጥር ዛሬ አይገባም፤ ወስኛለሁ" አለ።

ዐሥራ ሁለት ቁጥር ኮነር ነው፤ ኳርተርባኩ። ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ይህ ቡድን አንድም ጨዋታ ባላሸነፈ ነበር። እጄ ሻንጣው ላይ ቀረ።

"አይ፣ ልጆቹ አያውቁም" አለ ኮች። "ሎከር ሩም፣ መልበሻ ክፍሉ ከገባን በኋላ ነው የምነግራቸው። አሁን ብነግራቸው እስክንደርስ ይጨቃጨቁኛል።" ትንሽ ሰማና "ውጤቱ የሚሆነውን ይሁን። እኔ ሲዝኔን ጨርሻለሁ፤ የፈለግኩትን አግኝቻለሁ" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ "አይ፣ ከእኔ አይወጣም። ቃል ገብቻለሁ አይደል?"

ስልኩን ዘግቶ ሄደ። እኔ እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ከውቅያኖስ ማዶ፣ ያው ነገር ተከትሎኝ መጣ አልኩ።

መንገድ ጀመርን። በሃይ ስትሪት ወጥተን ክሊንተንቪልን አልፈን ፍሪዌይ ስንገባ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ መስታወቱ ላይ ነበር። ኮነር ወትሮ ከኋላ ከጓደኞቹ ጋር ሙዚቃ ከፍቶ ነበር የሚሄደው። ያን ቀን ከእኔ ጀርባ ሁለተኛው ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ አውርዶታል። ኮች ከማዶው ወንበር ላይ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ያየዋል። አይነጋገሩም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ነገር ይዘዋል አልኩ።

"ሚስተር ሙሉ፣ ስንት ይቀረናል?" አለኝ ኮነር።

"አንድ ሰዓት ከሩብ" አልኩት።

ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና "ስንት ይቀረናል? የት ነበር የምንሄደው?" አለኝ። ኮች በዚያን ጊዜ ወደ ኋላ ሄዶ ከረዳቱ ጋር ያወራ ነበር። ለኮነር መለስኩለትና ልቡ እዚህ የለም አልኩ ለራሴ።

መሀል ላይ ማረፊያ ቦታ ቆምን። ሌሎቹ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሲሄዱ እኔ ጎማ ለማየት ባሱን ዞርኩ። ኮነር ከኋላ፣ ባሱን በአንድ እጁ ተደግፎ ያስመልሳል። ሲያየኝ አፉን በእጅጌው ጠረገ።

"ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"የበላሁት ነገር ነው" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። "ሚስተር ሙሉ፣ በእግዚአብሔር ለኮች አትንገርብኝ።"

ውሃ ሰጠሁትና "እሺ፣ አልናገርም" አልኩት። በዚያች ቅጽበት ያየሁት ኮነርን አልነበረም። ያንን በረኛ ነው ያየሁት። ሸጠውታል፣ እሱም ያውቃል፣ ሆዱ አልቻለም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ከዚህ ጋር ገጠመልኝ። የኮች ዝምታ፣ ኮነር ብቻውን መቀመጡ፣ ረዳት አሰልጣኙ አንዴ መሳቁ እንኳ ሳይቀር።

ስታዲየሙ ደርሰን ልጆቹ ዕቃቸውን ሲያወርዱ ኤልያብን ለብቻው ጠራሁት።

"ኤልያብ፣ እስቲ ወዲህ ና።"

"አቤት ጋሼ።"

"ዛሬ ኮነር እንደማይገባ ታውቃለህ?"

"ዋት? ኖ፣ ሂ ኢዝ ስታርቲንግ፤ እሱ ነው የሚጀምረው። ማን አለህ... ማን አለዎት?"

"ኮች በስልክ ሲያወራ በጆሮዬ ሰማሁ። ልጆቹ አያውቁም፣ ውጤቱ የሚሆነውን ይሁን፣ እኔ የፈለግኩትን አግኝቻለሁ ነው ያለው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። አገሬ ዳኛ ነበርኩ። ጨዋታው ተሽጧል።"

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። "ጋሼ፣ አር ዩ ሹር?"

እዚህ ጋ ቆም ልበል። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ሰው በሕይወቴ ጊዜ ሰጥቶ፣ በትክክለኛው ሰዓት ትክክለኛውን ጥያቄ ከጠየቀኝ ያን ጊዜ ነው። ኮች ዳልተን ከእኛ ዐሥር እርምጃ ርቀት ላይ ኩባያውን ይዞ ቆሞ ነበር። ሄጄ "ምን ማለትህ ነው?" ልለው እችል ነበር።

"እርግጠኛ ነኝ" አልኩት።

ሎከር ሩም ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ኮች "ኮነር አይገባም፤ አኳኋኑን አልወደድኩትም" ሲላቸው ከኤልያብ የሰማ አንዱ አምበል ተነሥቶ "ከማን ጋር ነው በስልክ ያወራኸው?" አለው። ኮች ቀልቡ ተገፈፈ። "ያን መናገር አልችልም" አለ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? አንዱ ልጅ የራስ ቁሩን መሬት ላይ ወረወረ። "ያለ ኮነር አንወጣም" አሉ። ኮነርም "ደህና ነኝ፣ ፈትኑኝ" አለ። ኬረን የምትባለው የቡድኑ የጤና ባለሙያ ፈተነችው፤ ቃላት አስታውስ፣ ወሮቹን ወደ ኋላ ቁጠር፣ በአንድ እግርህ ቁም። አለፈ። ራስ ምታት አለህ? የለም። አስመልሶሃል? አላስመለሰኝም። በመጨረሻ ኮች "ምክትሉ ይጀምራል። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኬረን እንደገና አይታ ከፈቀደች ኮነር ይገባል" ብሎ ተስማማ።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ አጥሩን ተደግፌ አያለሁ። ልጆቹ ፊታቸው ጠቁሮ ሲወጡና ኮች ብቻውን ዳር ሲቆም አየሁ። የተሰማኝን አልደብቃችሁም፤ ደስ አለኝ። የዛሬ ስንት ዓመት ያላነሳሁትን ባንዲራ ዛሬ ያነሳሁ መሰለኝ። ምክትሉ ኳርተርባክ ሁለት ጊዜ ኳሷን ለተጋጣሚ ሲወረውር "ይኸው" አልኩ። እረፍት የወጡት በሦስት ነጥብ ተመርተው ነው።

እረፍቱ ሊያልቅ ሲል ኬረን ተጨማሪ የሕክምና ቦርሳ ልትወስድ ወደ ባሱ መጣች። ከፈትኩላትና መታገሥ ስላልቻልኩ ጠየቅኳት።

"ኮች ለምንድን ነው መሸነፍ የፈለገው?"

"ምን?" አለችኝ።

"ኮነርን ያስወጣው እንዲሸነፉ አይደለም?"

ቦርሳውን አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ። "ይህን ወሬ ያመጣኸው አንተ ነህ?" መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። "ኮነር ሐሙስ ልምምድ ላይ ጭንቅላቱን ተመቷል። ደህና ነኝ ይላል። ኮች ግን ትላንት ስብሰባ ላይ መቶ ጊዜ የሠራውን ነገር ሲረሳ አየሁት ብሎ ነው ያስቀረው። እኔ ሁለቴ ፈተንኩት፣ ሁለቴም አለፈ። አንድ ምልክት ባገኝ፣ አንዴ አስመልሶት ቢሆን፣ ያለ ምንም ክርክር አስቆመው ነበር።"



"አስመልሶታል" አልኳት። "መንገድ ላይ። ስንት እንደሚቀረን ሁለቴ፣ የት እንደምንሄድም ጠይቆኛል።"

ቦርሳውን እዚያው ጥላ ሮጠች። እኔም ባሱን ክፍቱን ትቼ ተከተልኳት።

ሜዳው ጠርዝ ስንደርስ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል። ዐሥራ ሁለት ቁጥር ሜዳ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ኳሷን ተቀብሎ ለጓደኛው ሲያቀብል አየሁት፤ ማንም አልነካውም። እንደገና ተሰለፉ። ከፊቱ መቶ ኪሎ የሚያልፉ አራት ሰዎች ጎንበስ ብለው እሱን ለመጣል ምልክት ይጠብቃሉ። ኬረን ኮች ጋ ደርሳ ክንዱን ያዘችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ኮች ግን ሁለት እጁን አንስቶ ጨዋታውን አስቆመና እሱ ራሱ ሜዳ ውስጥ ገባ። ያ ሰው ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኮነር አልወጣም አለ። የሚሉትን ባልሰማም ራሱን ሲነቀንቅ፣ ወደ ጓደኞቹ ሲያመለክት አያለሁ። ኮች የልጁን የራስ ቁር በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ አወለቀው። ልጁ እያለቀሰ ወጣ። ከእኛ ተጠባባቂ ተጫዋቾች አንዳንዶቹ ኮችን ሰደቡት። ኮነር በእኔ አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየኝ፤ የተናገርኩበት እኔ መሆኔን አወቀ።

አግዳሚው ላይ ከተቀመጠ ከሩብ ሰዓት በኋላ ኬረን ስታናግረው ቃላቱ ይጎተቱ ጀመር። ቀኝ እጁ ውሃውን መያዝ አቃተው። አምቡላንሱ ከሜዳው ጥግ ስለነበር ወዲያው ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጨዋታ ምኑም ትዝ አይለኝም። ተሸነፉ። ድላቸው ሦስት እንዳለ ቀረ። ልጆቹ ሎከር ሩም እያሉ የሆስፒታሉ ዜና ለኮች በስልክ መጣ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሷል፤ በጊዜ ስለደረሱበት ኦፕራሲዮን ላያስፈልገው ይችላል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢመታ ግን ምን እንደሚሆን ማንም አይናገርም ነበር።

ኮች ባሱ አጠገብ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ጠዋት ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሆኜ የሰማሁትን፣ ለኤልያብ ያልኩትን፣ ልጁ ሲያስመልስ አይቼ ዝም ያልኩትን፣ ሁሉንም ነገርኩት። እንግሊዝኛዬ ሲጨነቅ ይሰባበራል፤ ጠበቀኝ።

"ዐሥር እርምጃ ርቄ ነበር የቆምኩት" አለኝ። "ለምን አልጠየቅከኝም?"



"የማወራው ከእናቱ ጋር ነበር" አለ። "አርብ ማታ ስትደውልለት አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ደጋገመባት። ስብሰባ ላይ ካየሁት ሌላ ይህን የነገረችኝ እሷ ናት። ለኮነር እንዳልናገርባት ለመነችኝ፤ አራተኛ ዓመቱ ነው፣ የመጨረሻ ጨዋታው ነው፣ ይቅር አይለኝም አለች። እሱን ማስቀረትህ ሥራህን ያሳጣሃል ወይ ስትለኝ ነው ሲዝኔን ጨርሻለሁ ያልኳት።"

"ሲዝኔን ጨርሻለሁ ማለት ምን ማለት ነው?" አልኩት። ይህን ጥያቄ ከማለዳ ጀምሮ መጠየቅ ነበረብኝ።

"ስቀጠር ለፕሬዚዳንቱ የዚህን ዓመት ድል አትቁጠርብኝ ብዬዋለሁ። አምና ግማሹ ልጅ ወይ ተጎድቶ ወይ ተስፋ ቆርጦ ሄዷል። በኦገስት የጀመረው ልጅ ሁሉ በኖቬምበር በእግሩ ቆሞ፣ ትምህርቱን ሳይጥል ካገኘሁት ለእኔ የተሳካ ሲዝን ይኸው ነው አልኩት። ሳቀና አራት አለኝ።" ኩባያውን ተመለከተ፤ ባዶ ነበር። "እስከ ዛሬ ጠዋት አንድም ልጅ አልጎደለብኝም ነበር።"

ይቅርታ ስለው "እኔም እጄን ሰጥቻለሁ" አለኝ። "የሚያሙኝ ነገር አስፈራኝና አስገባሁት። ያ የእኔ ነው። የአንተን አንተ ያዝ።"

ቤት ስገባ ለትዕግስት ነገርኳት። ስትሰማኝ ቆይታ "ልጆቹ አሁንም ኮች ሸጦናል ብለው ነው የሚያስቡት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እና እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለች።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ኮሌጁ ሄድኩ። ኮች ስብሰባቸው ላይ አምስት ደቂቃ ሰጠኝ። ስድሳ ምናምን ወጣት ፊት ቆምኩ። "ያን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ልክ አልነበርኩም" አልኳቸው። የእናትየውን ነገር አልተናገርኩም፤ ያን የመናገር መብት አልነበረኝም። ስለ በረኛው ግን ነገርኳቸው። ከኋላ አንድ ትልቅ ልጅ እጁን አወጣና "ሚስተር ሙሉ፣ አምና ዐሥሩንም ተሸንፈናል፤ እኛን ማን ይገዛናል?" አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ኤልያብ አልሳቀም። አጎንብሶ ነበር። እሱን በር ላይ ጠብቄ ለብቻው ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ያመነኝ ታላቁ ስለሆንኩ ነበርና። "ኢትስ ኦኬ ጋሼ" አለኝ፤ ኦኬ እንዳልነበረ ያስታውቃል። ኮነር በኦገስት ሁሉም የሚወስዱትን የጭንቅላት ፈተና ሆን ብሎ አበላሽቶት እንደነበር የሰማሁት ከኤልያብ ነው፤ ሲጎዳ የሚያመጣው ውጤት ከዚያ ጋር ሲተያይ ደህና እንዲመስል። ግማሹ ቡድን ያውቅ ነበር አለኝ። ሁሉም የየራሱን ዝምታ ይዞ ነው ያን ቀን ባሱ ውስጥ የተቀመጠው።

ኮነር ስድስት ቀን ሆስፒታል ቆይቶ ያለ ኦፕራሲዮን ወጣ። ኮች ዳልተን ሥራውን አላጣም። ወሬው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በቀጣዩ ዓመት አንድ ወላጅ መኪና ማቆሚያው ላይ "ያ ጨዋታ ሊሸጥ ነበር የተባለው አሰልጣኝ አይደል?" ሲል ሰማሁ። ሄጄ "እሱን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው" አልኩት። ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ። እንዲህ ስንቱን ተከታትዬ እንደምይዘው አላውቅም።

መጠርጠር አቆምኩ ብላችሁ አትመኑኝ። ያደረግኩት ለውጥ ትንሽ ነው፤ ከጠረጠርኩ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜም ደስ የሚል መልስ አላገኘሁም። አብሮኝ የሚነዳ አንድ የአገሬ ሰው በስተጀርባዬ ለስምሪት ኃላፊው፣ ለዲስፓቸሩ፣ ስሜን በክፉ እንደሚያነሳ ለሁለት ዓመት ጠርጥሬ ሰላምታ ነፍጌው ነበር። ሄጄ ፊት ለፊት ስጠይቀው "አዎ፣ ብያለሁ" አለኝ። ጥርጣሬዬ ልክ ነበር። ለምን እንዳለው ነገረኝ፤ ግማሹ እውነት ነበረው። አሁን ሰላም እንባባላለን፤ ወዳጅ ግን አይደለንም። ይህም ከነበረው ይሻላል።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ በልባችሁ ፋይል የከፈታችሁበት ሰው ካለ፣ ምልክቶቹ ሁሉ ገጥመውላችሁ ከሆነ፣ የእኔም እንደዚያው ገጥመውልኝ እንደነበር አስታውሱ። አንድም አልጎደለም ነበር።

ባለፈው የጸደይ ወራት ሞርስ ሮድ ላይ ካለ ሱቅ ስወጣ ኮነርን አገኘሁት። ተመርቆ እዚሁ ከተማ ሥራ ይዟል። ከአሁን በኋላ ፉትቦል አይጫወትም፤ ሐኪሞች ከልክለውታል። ስለ እናቱ ደኅንነት ጠየቅኩት። ደህና ናት አለ። ጥያቄዬን ይዤ ወደ ቤት መሄድ እችል ነበር፤ ፊቱን እያየሁ የመሰለኝን ተርጉሜ።

"ትጠላኛለህ?" አልኩት።

የመኪናውን ቁልፍ እጁ ውስጥ እያገላበጠ አሰበበት። 

"አንዳንድ ቀን" አለኝ።

"ዛሬስ?"

"ዛሬ አይደለም" አለና የያዝኩትን አንዱን ከረጢት ተቀብሎኝ እስከ መኪናዬ አደረሰልኝ።